«ጥርስ ለመንቀል የልብ ትምህርት ምን ያደርጋል?» ለምትሉ ሁሉ

 

አንድ ጥያቄ በሦስት ዓይነት አፍ ይደርሰኛል። እናት ትጠይቀኛለች፦ «ልጄ ጥርስ ሐኪም ናት። ለስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ታነባለች። ምን ሊሠራላት ነው?» ታካሚ ይጠይቀኛል፦ «እኔ የሄድኩት ጥርሴን ልነቀል ነው። የግፊት መድኃኒቴን ምን አስጠየቀው?» ወጣት ባልደረባ ደግሞ እንዲህ ይለኛል፦ «መጽሐፉን ማን ያነባል? የዓምናውን ጥያቄ ካገኘን ይበቃናል።»

ሦስቱም አንድ እምነት ይጋራሉ፤ ጥርስ ከሰውነት ተለይቶ የቆመ ነገር ነው የሚል። ይህ እምነት ሰው ይጎዳል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ዛሬ ሳላለዝብ እጽፋለሁ። ቅር የሚለው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረድ።

ፈተናው ስለምንድን ነው?

በአገራችን ጥርስ ሐኪም የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ሬዚደንሲ መግባት አለበት፤ ለመግባትም ይፈተናል። ፈተናው ሲቃረብ ከተማረው ዓመታት ያለፉትን መሠረታዊ ትምህርት ይከልሳል። የሰውነት አሠራር፣ የነርቭና የደም ሥር አቀማመጥ፣ የመድኃኒት ባሕርይ፣ የተሕዋስያን ጠባይ፣ የውስጥ ደዌ፣ አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና። የጥርሱ ትምህርት ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል።

ይህ የእኛ አገር መምህራን ያመጡት ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቻችሁ ለሕክምና የምትሄዱባት ሕንድ ለጥርስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ኒት-ኤምዲኤስ የሚባል ብሔራዊ መግቢያ ፈተና አላት። እዚያም ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ፓቶሎጂ፣ የውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና ከጥርስ ትምህርቶች ጋር ጎን ለጎን ይጠየቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥርስ ሕክምና ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጥርስ ብቻ ሳይሆን ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ደም ያለው ሰው ነው።

እስኪ ምሳሌ በምሳሌ እንየው።

አንደኛ፦ ፋርማኮሎጂ

የልብ ቫልቭ የተቀየረላት እናት አስቡ። በአገራችን የቁርጥማት የልብ ሕመም ብዙ ወጣት ስለሚያጠቃ እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ጥቂት አይደሉም። ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ በየቀኑ ትውጣለች። ጥርሷ መግል ቋጠረ፤ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሄደች፤ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘላት። ለጥርስ ኢንፌክሽን ይህ መድኃኒት በጣም የተለመደ ነው።

ሜትሮኒዳዞል ግን ጉበት ዋርፋሪንን ሰባብሮ የሚያስወግድበትን መንገድ ያውካል። ዋርፋሪኑ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ደሙም ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ድዷ አልቆም ብሎ ይደማል። ክፉ ቀን ከሆነ ደግሞ አንጎሏ ውስጥ ይደማል። የወሰደችው ያው ዕለት ተዕለት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ጥፋቱ የሁለቱ መገናኘት ነው። ይህን የሚያስቀረው መቆንጠጫ የያዘው የእጅ ጥበብ አይደለም። ከፈተናው በፊት ሌሊት የተነበበው ያ «አሰልቺ» የፋርማኮሎጂ ምዕራፍ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሁሉ «ጥርሴን ልነቀል ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ለጥርስ ሐኪሙም ለልብ ሐኪሙም ንገሩ፤ የደም ምርመራው ታይቶ ይወሰናል።

ሁለተኛ፦ የ4ኛ ክፍል ሒሳብ

10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አስቡ። ጥርሱ እንዲሠራለት ሊዶካይን ማደንዘዣ ይወጋል። ለልጆች በብዛት የሚሠራበት ጣሪያ በአንድ ኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው። ለዚህ ልጅ 44 ሚሊግራም ማለት ነው። 1.8 ሚሊሊትር የሚይዝ አንድ ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን ብልቃጥ 36 ሚሊግራም አለው። ስለዚህ አንዱ ይበቃዋል። ልጁ አለቀሰ፣ አልደነዘዘም ተብሎ ሁለተኛው ሙሉ ቢጨመር 72 ይደርሳል፤ ጣሪያው ታልፏል። በዚሁ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግን እስከ 7 ብልቃጥ ድረስ ጣሪያውን አያልፍም።

ሊዶካይን ከመጠን ሲያልፍ መጀመሪያ መቅበጥበጥና መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ፣ ብሎም የትንፋሽና የልብ መዳከም ያመጣል። ልጃችሁን ሳይመዝን ማደንዘዣ የሚወጋ ባለሙያ ካያችሁ «ኪሎውን አልጠየቁኝም» ማለት መብታችሁ ነው። የሚያስቀይመው ከሆነ ይቀየም።

ሦስተኛ፦ አናቶሚ

በታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአፍን ወለል የሚዘረጋ ስስ ጡንቻ አለ፤ ማይሎሃዮይድ ይባላል። የፊተኞቹ ጥርሶች ሥር ጫፍ ከዚህ ጡንቻ በላይ ይቀራል። የመጨረሻዎቹ ሁለት መንጋጋ ጥርሶች ሥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻው በታች ይወርዳል። ስለዚህ የእነሱ መግል አፍ ውስጥ ሳይፈነዳ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ይሰርጋል። ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፤ የመተንፈሻውን በር ይዘጋል። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ይህን በ1836 እ.ኤ.አ. ስለመዘገበው በስሙ ይጠራል።

እዚህ አብነት፣ ከመርካቶ ጎን፣ በጥርስ ሕመም ፊቱ አብጦ ከመድኃኒት ቤት በቃል የገዛውን አሞክሲሲሊን ለቀናት ሲውጥ የሰነበተ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። አብዛኛው እብጠት ሉድቪግ አይደለም። ግን ከአገጭ ሥር በሁለቱም በኩል ደርቆ ካበጠ፣ ምላስ ከተነሳ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ ጥርስ ክሊኒክ ወረፋ አትያዙ። በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ለእኛ ሰፈር ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ይህን ልዩነት በአንድ እይታ የሚለይ ሐኪም የጡንቻዋን ስም ለፈተና ብሎ የሸመደደ ሳይሆን የት እንዳለች የሚያውቅ ሐኪም ነው።

አራተኛ፦ ነርቭና ልብ

አምስተኛው የአንጎል ነርቭ ፊትንና ጥርስን ያገለግላል። ይህ ነርቭ ሲታመም ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት የሚወጋ፣ ሰከንዶች ቆይቶ የሚጠፋ፣ ፊት ሲታጠቡ ወይም ሲያኝኩ የሚነሳ ሕመም ይሰማል። ታካሚው «ጥርሴ ነው» ይላል። ባለሙያው ካላወቀ ይነቅላል። ሕመሙ አይለቅም፤ ቀጣዩን ይነቅላል። ጤነኛ ጥርሶቻቸውን አንድ በአንድ አስነቅለው ከነሕመማቸው የሚኖሩ ሰዎች በዓለም ሁሉ አሉ። የዚህ ሕመም መድኃኒት ካርባማዜፒን የሚባል፣ ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ ክኒን ነው፤ በመቆንጠጫ አይድንም።

ሌላም አለ። ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ጥርስ ሐኪም ስለ ልብ ለምን ያነባል ላላችሁኝ፣ መልሱ ይኸው።

አምስተኛ፦ ፓቶሎጂ

አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን የሚወስድ የደም ግፊት ታካሚ ድዱ ጥርሱን እየሸፈነ ሊያድግበት ይችላል። ፌኒቶይን የሚወስድ የሚጥል በሽታ ታካሚም እንዲሁ። ያላወቀ ይቆርጠዋል፤ ተመልሶ ያድጋል። የሚያውቅ መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም ይጽፋል። ደግሞ የማይቆም የድድ መድማት የደም ካንሰር፣ አፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ሽፋን የበሽታ መከላከያ አቅም መዳከም ምልክት ሊሆን ይችላል። ስኳር ሕመም ድድን ያባብሳል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

በተለይ ለወላጆች፦ ኖማ የሚባለው በሽታ በምግብ እጥረት የተጎዱና በኩፍኝ የደከሙ ትንንሽ ልጆችን ይይዛል። የሚጀምረው ከድድ ቁስል ነው፤ ከዚያ ጉንጭንና አጥንትን ይበላል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በአገራችንም አለ። ገና የድድ ቁስል ሳለ ከተያዘ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይመለሳል። የድድ ቁስልና የሕፃኑን ክብደት አንድ ላይ የሚያይ ዓይን ግን ያስፈልጋል።

ይህ መለያየት ከየት መጣ?

በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ኮሌጅ በባልቲሞር የተከፈተው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተለይቶ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሙያዎች በተለያየ ሕንፃ ይማራሉ፤ በሽተኛውም «ጥርስ ሌላ፣ ሕክምና ሌላ» ብሎ አመነ። ሆኖም በ1846 እ.ኤ.አ. በቦስተን በሐኪሞች ፊት በኤተር ማደንዘዝን በይፋ ያሳየው ዊልያም ሞርተን ጥርስ ሐኪም ነበር። ዛሬ ሰው ሳይሰማው የሚቀደደው በዚያ መንገድ ጭምር ነው። ሙያዎቹ ቢለያዩም የሚታከመው አካል አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት የአፍ ሕመም ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው ይነካል። ይህን ያህል ሰው የሚነካ ነገር ከሕክምና ዳር ሊቆም አይችልም።

«ግን እኮ…» ለምትሉ

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፤ ከፊሉም እውነት አለው። «በቀን ስንት ሰው የሚያክም፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሐኪም የኢንዛይም ስም ዝርዝር በቃሉ መያዙ ምን ይጠቅማል?» ትክክል። የዑደቱን ደረጃዎች በተራ መጥራት ማንንም አያድንም። ጥሩ እጅም በጽሑፍ ፈተና አይለካም።

የዚህ መልስ ግን ሳይንሱን መጣል አይደለም፤ ጥያቄውን ማሻሻል ነው። በአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ለሥራ ፈቃድ መሠረታዊ ሳይንስና ክሊኒካል ትምህርት በሁለት ክፍል ይፈተኑ ነበር። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱን በአንድ ያዋሐደ ፈተና መተካት ጀመረ። ጥያቄው «ይህ መድኃኒት በየትኛው ኢንዛይም ይሠራል?» መሆኑ ቀርቶ «ይህቺ ሴት ይህን ትወስዳለች፤ ጥርሷን ዛሬ ትነቅላለህ ወይስ አትነቅልም?» ወደሚል ያዘነብላል። እኛም ከፈታኞቻችን ልንጠይቅ የሚገባው ይህን ነው። ፈተናው ቀለለ አልቀለለ ብሎ ከመከራከር በሽተኛው ከጥያቄው ውስጥ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ሕመሙ ሥር ልምጣ። የዓመታት የፈተና ጥያቄ ተሰብስቦ፣ መልሱ ብቻ ተሰምሮበት፣ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዳንዴም ይሸጣል። ተፈታኙ ለምን «ሐ» እንደሆነ ሳያውቅ «ሐ» ብሎ ይገባል። ያለፉ ጥያቄዎችን መሥራት ራስን ለመለካት ጥሩ ነው፤ እኔም ለባልደረቦቼ እመክረዋለሁ። ክለሳውን በእነሱ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። በሽተኛ ከ«ሀ» እስከ «መ» ምርጫ ይዞ አይመጣም። ዋርፋሪን የምትወስደው እናት «ይህ የዓምናው 47ኛ ጥያቄ ነኝ» አትልም።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ እናንተም አለችሁበት። «ምንም ብለሽ እለፊ» ብላችሁ የምትገፉ፣ ለጥያቄ መግዣ ገንዘብ የምትሰጡ፣ የጎረቤት ልጅ ስፔሻሊስት ሆነ ብላችሁ የምታስጨንቁ አላችሁ። ነገ እናንተው በዚያ ወንበር ትቀመጣላችሁ። ምናልባት በልጃችሁ ፊት ሳይሆን፣ ወላጁ እንዲሁ ባሳለፈው በሌላ ሰው ልጅ ፊት።

የምንኖርበት ሰፈር ስሙ አብነት ነው። የአብነት ተማሪ ፊደል ሳይለይ ወደ ንባብ፣ ዳዊት ሳይደግም ወደ ቅኔ ቤት አይሻገርም። ትናንት የተማረውን ዛሬ ለየኔታ ካላሰማ አዲስ አይሰጠውም። የቁርኣን ተማሪውም ሱራውን ለኡስታዙ መልሶ ሳያሰማ አይቀጥልም። ማንም «የድሮውን ምን ያደርግለታል?» አይልም። መሠረትን መልሶ መከለስ የእኛው ባህል ነው፤ ለሕክምና ሲሆን ብቻ ለምን ከበደን?

ቤት ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ስሕተት

ሐኪሞችን ብቻ ወቅሼ አልሄድም። ሕፃኑ ተቀማጥ ይይዘዋል፤ ያተኩሰዋል። አያት ድዱን ትዳስሳለች፤ «ግግ ነው» ትላለች። ሰው ተጠርቶ በምላጭ ወይም በወስፌ ድዱ ይቆረጣል፤ ያልበቀለች የወተት ጥርስ ትወጣለች። ያ እብጠት ክራንቻ ጥርሱ ወደ ላይ የምትመጣበት ቦታ ነው፤ የማንኛውም ጤነኛ ሕፃን ድድ እንዲያ ይነፋል። ከሥሩም የቋሚው ጥርስ ጥንስስ አለ፤ አብሮ ይጎዳል። ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ጠማማ ወይም ጎዶሎ ይሆናል። ደም መፍሰስ፣ ቲታነስና ሌላም ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። ተቀማጡ ደግሞ ያው ነው። ልጁን የሚያደክመው የውኃ እጥረት ስለሆነ የሚያስፈልገው ኦ.አር.ኤስ፣ ዚንክ፣ የእናት ጡትና ጤና ጣቢያ ነው።

ቴትራሳይክሊንም እንዲሁ። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሲሰጥ በሚሠራው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ለልጅ አትስጡ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ለምሳሌ በወንጂና በመተሐራ፣ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ የሚሆነውም በውኃው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የአንዳንድ ጉድጓዶች ውኃ ከዚያ ያልፋል። ቆሻሻ መስሏችሁ ልጁን በአመድ አትፈትጉት፤ በጥርሱም አታሳፍሩት።

ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ይህን ሳትጠየቁ ተናገሩ፦

1. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፤ ካርቶኑን ይዛችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒትም ይቆጠራል።
2. የልብ ሕመም፣ የተቀየረ ቫልቭ፣ ወይም ለቁርጥማት በየወሩ የሚወጉት የቤንዛቲን መርፌ ካለ። ከመነቀሉ በፊት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነም ሐኪሙ የሚወስነው ይህን ሲያውቅ ነው።
3. ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር።
4. እርግዝና፤ ስንት ወር እንደሆነ ጭምር።
5. ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወይም ፔኒሲሊን አስቸግሯችሁ እንደሆነ።
6. ለካንሰር ወይም ለአጥንት መሳሳት የወሰዳችሁት መድኃኒት ወይም ጨረር። የመንጋጋ አጥንት ሳይድን እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል።

እነዚህን ያልጠየቃችሁ ባለሙያ ከሆነ ራሳችሁ አንሡበት። «ተወው፣ ጥርስ ብቻ ነው» ካላችሁ ደግሞ ተነሥታችሁ ውጡ። የሚያስጠይቅ ሐኪም ያዋጣችኋል።

ለፈተና እየተዘጋጃችሁ ላላችሁ የጥርስ ሐኪሞች፦ ዛሬ ማታ የምትከፍቱት የፋርማኮሎጂ ምዕራፍ ነጥብ ላያስገኝላችሁ ይችላል። ከወራት በኋላ ግን አንዲት እናት መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳያችሁ እጃችሁን የሚይዘው እሱ ነው። በርቱ። ልጆቻችሁ የሚያጠኑላችሁ ወላጆችም «መቼ ታልፊያለሽ?» ማለቱን ትታችሁ ሻይ አፍልታችሁ «ዛሬ ምን ተረዳሽ?» በሏቸው።

ጽሑፉ ይጠቅማል የምትሉ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ዘመዳችሁና ትንሽ ልጅ ላላት ጎረቤታችሁ አጋሩ።